የውሰት እንቅልፍ

በረኛው ከልጅነቱ ጀምሮ እንቅልፍ የማይበረክትለት ሰው ነበር። ሌላው ትራስ እንደነካ ሲያንኮራፋ እሱ ጣሪያ ላይ አፍጦ ያድራል፤ ሊነጋጋ ሲል ትንሽ ሸለብ ያደርገውና በዚያችው ተነሥቶ ልምምድ ይሄዳል። እንዲህ እያደረ ለዓመታት የክለቡ ቋሚ በረኛ ሆኖ ተጫውቷል። በዚያን ጊዜ «እንዴት አደርክ» ሰላምታ ብቻ ነበር፤ መልሱን ከልቡ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። አሰልጣኙን የሚያሳስበው ኳሷ መረብ ውስጥ መግባት አለመግባቷ ነው።

ነገር የተበላሸው ክለቡ ፐርሰንትን የቀጠረ ጊዜ ነው። ፐርሰንት ተጫዋቾቹ ያወጡለት ስም ነው፤ ሥራው የመረጃ ባለሙያ ነው። ኳስ በእግሩ ነክቶ የማያውቅ ቀጭን ወጣት፣ «ዛሬ ይዘንባል» ለማለት እንኳ በመቶኛ ካልሆነ አፉ አይፈታም። በመጣ በሳምንቱ ተጫዋቾቹን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሰብስቦ ለእያንዳንዳቸው ጥቁር የጎማ አምባር አደለ።

«ስትታጠቡም፣ ስትበሉም፣ ስትተኙም አይወልቅም» አለ። «የልብ ምታችሁን ይቆጥራል። ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ እንቅልፋችሁ ከባድ ይሁን ቀላል፣ ስንት ጊዜ እንደተገላበጣችሁ ይነግረኛል።»

«ከማን ጋር እንደተኛንስ?» አለ አንዱ ተከላካይ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ፐርሰንት አልሳቀም። «እሱንም ከልብ ምቱ መገመት ይቻላል» ሲል ሳቁ ቀጥ አለ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የሁሉም ውጤት ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ይወጣ ጀመር። በደንብ የተኛ አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ያልተኛ ቀይ። ቀይ የሆነ አይሰለፍም። በረኛው በመጀመሪያው ጠዋት ስሙን ከሁሉም በታች ቀልቶ አገኘው። በማግስቱም ያው። ጭራሽ ያቺ የለመዳት ጥቂት እንቅልፍም ጥላው ጠፋች። አምባሩ ከሥሩ ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋል፤ እሱ እሷ ላይ አፍጦ «አሁን እያየኝ ነው፣ አሁን ቆጠረብኝ» ሲል ይነጋል።

አሰልጣኙ ቢሮ ገብቶ ሞከረ።

«ኮች፣ ትናንት በልምምድ ስንት ኳስ ገባብኝ?»

«አንድም።»

«ታዲያ?»

አሰልጣኙ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፤ ዓይኑ ታብሌቱ ላይ ነው። «ቀይ ነህ። አንተን አሰልፌ ብሸነፍ ቦርዱ የሚጠይቀኝ እኔን ነው። ቀይ እንደሆነ እያወቅህ ለምን አሰለፍከው ይሉኛል። ምን ልመልስ? ዓይኔ አይቶት ነው ልበል?»

«ድሮ በምንህ ነበር የምታየኝ?»

«ሂድና ተኛ፣ አንተ ሰው!»

ሁለተኛው በረኛ ገና ጢሙ በቅጡ ያልሞላ፣ ግንድ የሚያህል እንቅልፍ የሚተኛ ወጣት ነው። ቅዳሜ እሱ ተሰለፈ። በረኛው ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆኖ ዘጠና ደቂቃ ጥፍሩን ሲበላ ዋለ።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። አንደኛው መኝታ ቤት በሚስቱ ታላቅ ወንድም ተይዟል። ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የገዛ ሚስቱ ከቤት ስታስወጣው «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ብሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣና ሁለት ዓመት ከረመ። እሱና በረኛው ዓይንና ናጫ ናቸው። ሾፌሩ ጎረቤት ሰብስቦ ኳስ ሲያይ ጎል በገባ ቁጥር «በረኛ ማለት በር የሚዘጋ ነው፤ የኛው አማች ግን ወንፊት ነው» እያለ ያስቃል። በረኛውም በበኩሉ ሾፌሩን በማዕረግ ጠርቶት አያውቅም። ሚስቱ «ወንድም ጋሼ» ስትለው እሱ «ያ ሰውዬ» ይላል።

ግን ያ ሰውዬ በእንቅልፍ አይታማም። ማለዳ ዴፖ ስለሚገባ ራቱን እንደበላ ይተኛል፤ ከተኛ ደግሞ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። በረኛው ስንት ሌሊት በግድግዳው በኩል ማንኮራፋቱን እየሰማ ረግሞታል። ያን ሰሞን ግን ማንኮራፋቱን ሌላ ሰው ጓሮ እንዳለ ፍሬ በጉጉት ያዳምጠው ጀመር።

እሑድ ከሰዓት ሾፌሩ በረንዳው ላይ የሥራ ሸሚዙን ሲያሰጣ ጠጋ አለው።

«ምን ሆነህ ነው የምትገተረው?» አለ ሾፌሩ፣ ዞር ሳይል።

«አንድ ነገር ልለምንህ ነው።»

«እኔን?» ሾፌሩ የልብስ መቆንጠጫውን ከአፉ አወጣ።

በረኛው አምባሩን አውልቆ ዘረጋለት። «ይህ የክለቡ እንቅልፍ ቆጣሪ ነው፤ ሌሊት ሌሊት አድርገህ ተኛልኝ። ጠዋት ስትወጣ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ትተውልኛለህ። ሌላ ምንም የለውም።»

ሾፌሩ አምባሩን አገላብጦ አየው። ነገሩ ሲገባው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንቅልፍ ልትበደረኝ መጣህ! ኧረ የጉድ አገር! ሰው ስኳር ይዋሳል፣ መሰላል ይዋሳል፤ አንተ እንቅልፍ?»

«ታደርግልኛለህ ወይስ አታደርግልኝም?»

«አደርግልሃለሁ። ግን ነጻ የለም።» ሾፌሩ ፊቱን ኮስተር አደረገ። «ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ ትለኛለህ። እህቴ ፊት፣ ጎረቤት ፊት፣ አፍህን ሞልተህ።»

በረኛው ከዚያ ይልቅ በጥፊ ቢመታው ይሻለው ነበር። ግን ቅዳሜና ተቀያሪ ወንበሩ ዓይኑ ላይ መጡበት። ጥርሱን ነክሶ «እሺ፣ ጋሼ» አለ።

«አልሰማሁም።»

«እሺ፣ ጋሼ!»

ሚስቱ ራት ላይ «ጋሼ፣ ጨው አቀብለኝ» ሲል ሰምታ ማንኪያዋ ከአፏ ቀረ። ታረቁ መስሏት ደስ አላት። ፀጉር ቤቷ ሄዳ ለደንበኞቿ ሁሉ አወራች።

ነገሩ ሠራ። በሳምንቱ በረኛው ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ተሻግሮ ከሁሉም በላይ ተሰቀለ። አምባሩ ከላዩ ስለወረደም ያቺ የድሮዋ ትንሽ እንቅልፍ ተመለሰችለት። ቋሚነቱን መልሶ ያዘ። ፐርሰንት በደስታ ሊያብድ ደረሰ፤ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ በረኛውን ፊት ለፊት አቆመው።

«ይህን ሰው ተመልከቱ! ድብን ያለ እንቅልፍ። የልብ ምቱ ደግሞ ሌሊት ከአርባም በታች ይወርዳል። ይህ የማራቶን ሯጭ ልብ ነው!»

በረኛው የሾፌሩን ቦርጭ አስቦ ሳቁን ዋጠ። ቦታውን ያጣው ሁለተኛው በረኛ ግን ከኋላ ሆኖ የጎሪጥ ያየው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልምምድ ሳይጀመር ወደ ሕክምና ክፍሉ ተጠራ። ሐኪሟ፣ አሰልጣኙና ፐርሰንት ተቀምጠው ጠበቁት። ማንም ፈገግ አላለም። ተነቃብኝ አለ በሆዱ።

«ተቀመጥ» አለች ሐኪሟ። ጠረጴዛው ላይ ረጅም የታተመ ወረቀት ዘርግታለች፤ መስመሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲል ይሄድና ድንገት ለጥ ይላል። ለጥ ባለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይህ የሌሊት የልብ ምትህ ነው። እዚህ ጋ ልብህ ቆሟል። ቆሞ ደግሞ ተነሥቷል። ባለፈው ሳምንት አንዴ ነበር፤ አሁን በየሌሊቱ ሆኗል። ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ዓይንህ ላይ ጭልም ይልብሃል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«አምባሩ እጅህ ላይ ነው የሚያድረው?»

«የት ያድራል ታዲያ፣ ዶክተር?»

«እንግዲያው ሆስፒታል ገብተህ እስክትመረመር ሜዳ አትረግጥም። እንዲህ ያለ ልብ አንድ ቀን ቆሞ ላይነሣ ይችላል።»

ኮሪደሩን ይዞ ሲወጣ ያ ልብ የማን እንደሆነ ገባው። እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያ የተሰማው ድንጋጤ አልነበረም፤ ልቡ ቅቤ ጠጣ። የኔ አይደለም! የዚያ ሰውዬ ነው! ያ ሁሉ ወንፊት ወንፊት ባይ፣ ያ ሁሉ ጋሼ በለኝ ባይ! ደስታው በረድ ሲል አፈረ። ግን ያፈረው ከተደሰተ በኋላ ነው።

ለማንም አልተናገረም። ደረቱ ላይ ገመድ አለጣጥፈውበት ሆስፒታል አደረ፤ ልቡ እንደ ሰዓት ሲመታ አደረ። ሐኪሞቹ ደህና ነህ ብለው ሸኙት። ፐርሰንት ግን «አምባሩ ዘጠና ስምንት ፐርሰንት ትክክል ነው» ብሎ ሞገተ።

«ሁለቱን ፐርሰንት እኔ ጋ አግኝተሃቸዋል» አለው በረኛው።

ሐኪሟ ዓርብ ጠዋት ለቅዳሜው ጨዋታ ፈቀደችለት። የሚቀረው አምባሩን ለሾፌሩ መስጠት ማቆም ብቻ ነው፤ ቀይም ቢሆን የሚያመካኝበት በሽታ አለው። ነገሩ ተዳፈነ ብሎ ወደ ቤቱ ሲያዘግም መብራት ላይ ቆሞ ሳለ አንድ አውቶቡስ ከፊቱ ቆመ። መሪው ላይ ያ ሰውዬ ነበር። ሰዉ እስከ በሩ ታጭቋል፤ ከጀርባው አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ሾፌሩ አላየውም። በመሐረብ ግንባሩን እየጠረገ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ፣ ጨፈን ገለጥ ያደርግ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ አውቶቡሱ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላው ጥሩምባው ሲደበላለቅ ነው የተነሣው። በረኛው መንገዱን ሳይሻገር አውቶቡሱ እስኪርቅ በዓይኑ ተከተለው።

ማታ ራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብህ» አለው። «ልብህ ጤነኛ አይደለም። ሌሊት እየቆመ ነው የሚነሣው። አምባሩ አይቶታል።»

ሾፌሩ መጀመሪያ ሳቀ። የበረኛው ፊት እንዳልተፈታ ሲያይ ግን ደሙ ፈላ። «ገባኝ! አንተ ከቦታህ እንደተነሣህ እኔንም ከመሪዬ ልታነሣኝ! ልበ በሽተኛ ነው ብለህ ዴፖ ልታስወራብኝ! ከቤት ልታስወጣኝ አቅቶህ አሁን ደግሞ በሽታ ሰፋህልኝ?»

«ዛሬ መብራት ላይ አይቼሃለሁ። ዓይንህን ጨፍነህ ነበር።»

«አንተ እንቅልፍ ለማኝ! ዓይን መጨፈን የማታውቅ ሰው ስለኔ ዓይን ታወራለህ?»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ሚስቱ። ወንድሟን ሳይሆን ባሏን ነው የምታየው። «ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

በረኛው ሳህኑን ገፋ አደረገ። «ከማክሰኞ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው።»

ሚስቱ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ጣለችው። «ሦስት ቀን ሙሉ ወንድሜን እያየኸው በላህ፣ ጠጣህ! አፍህ ለጋሼ ሲከፈት ለዚህ ተዘጋ?»

«ውሸቱን ነው እኮ!» አለ ሾፌሩ። «ማስረጃ አለው? ያምጣና ያሳየኝ። እስከዚያ ሐኪም ቤት ብሎ ነገር፣ ሞቼ ነው ቆሜ!»

«ወረቀቱን አምጣ» አለችው ሚስቱ። «ሳትይዝ እዚህ ቤት እንዳትመለስ።»

ወረቀቱ ያለው ክለቡ ዘንድ ነው። ለመጠየቅ ደግሞ የማን ልብ እንደሆነ መናገር ግድ ነው።

ቅዳሜ፣ በጨዋታው ዕለት፣ ስሙ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ መሐል ተጽፎ ሳለ በረኛው አሰልጣኙ ቢሮ ገባ። ሐኪሟና ፐርሰንትም እዚያው ነበሩ። ሳያንገራግር አወራው፤ አምባሩን፣ አማቹን፣ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ።

ቀድሞ የጮኸው ፐርሰንት ነው። «የሁለት ወር መረጃዬን አበላሸኸው! የቡድኑን አማካይ ያሰላሁት ባንተ ነው! የአንድ አውቶቡስ ሾፌር እንቅልፍ እያየሁ ነው ለቦርዱ ሪፖርት ያቀረብኩት?»

«ሰውየው ሊሞት ይችላል» አለ በረኛው። «ወረቀቱን ስጠኝ።»

«መረጃው የክለቡ ንብረት ነው።»

«ልቡስ የማን ንብረት ነው?»

አሰልጣኙ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «እኔን ነው ያታለልከኝ! ደህና ተኝቷል ብዬ ነው ያሰለፍኩህ!»

«ያሰለፍከኝስ ኳስ ስለያዝኩ መስሎኝ ነበር፣ ኮች።»

«ጓዝህን ሸክፈህ ውጣ! ከዛሬ ጀምሮ ክለቡ ውስጥ እንዳላይህ!»

ሐኪሟ ተነሥታ ከቦርሳዋ ያን ረጅም ወረቀት አወጣች፤ ፐርሰንት «ዶክተር፣ አይቻልም እኮ!» ሲላት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አጥፋ በረኛው እጅ ላይ ጣለችው። አመሰግናለሁ ሊል አፉን ሲከፍት «እያወቅህ ሦስት ቀን ሰውየውን አውቶቡስ አስነድተሃል» አለችው። «ሂድ ከፊቴ።»

ጓዙን ሊያነሣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሲገባ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ያ ከማን ጋር እንደተኛን እያለ የሚቀልደው ተከላካይ ብቻ ጫማውን እያሰረ «ባንተ የተነሣ አምባሩን በቁልፍ ሊያስሩብን ነው» አለው። እውነትም አሰሩባቸው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አምባሩ ፐርሰንት ብቻ በሚከፍተው መቆለፊያ ተቆለፈ። የእጅ አንጓው የቆሰለበት፣ ሚስቱ የተጣላችው፣ ሌሊት እጁን ትራስ ሥር የሚደብቅ በዛ። ሁሉም የሚረግሙት ግን ፐርሰንትን አልነበረም፤ በረኛውን ነው። ሁለተኛው በረኛ እንኳ፣ ቦታው ሙሉ በሙሉ የሱ በሆነ በወሩ፣ መንገድ ላይ ሲያገኘው ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። «ውጤቴ ይወርድ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ» አለው። «ሕመምህን አውርሰኸኝ ሄድክ።» ሰላም ሳይለው አለፈ።

ሾፌሩ ወረቀቱን ሲያይም አላመነም ነበር። እህቱ ክንዱን ይዛ እየጎተተች ሆስፒታል አስገባችው። በመጀመሪያው ምርመራ ሐኪሙ ፊቱን አጠቆረ። ያን ጊዜ ነው ሾፌሩ ደብቆ የያዘውን ያወጣው፤ ከወር በፊት አንድ መታጠፊያ ላይ ራሱን ስቶ ሲነቃ የአውቶቡሱን ጎማ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ አግኝቶታል። ሰው ባይኖርበት ነው። እህቱ በጥፊ ልትለው እጇን አነሣችና አልጋ ላይ መሆኑን አይታ መለሰችው።

ከአንገቱ አጥንት ሥር ቆዳውን ከፍተው ልቡ ሲያቆም የሚቀሰቅስ ትንሽ መሣሪያ ቀበሩለት። ከሞት ተረፈ። መንጃ ፈቃዱ ግን ተነጠቀ፤ ዴፖው የስምሪት ክፍል ውስጥ ወንበር ሰጠው፤ እሱም ሌሎች ሾፌሮችን መመደብ ጀመረ። በረኛውን አላመሰገነውም። «መሪዬን ነጠቅኸኝ» ነው ያለው፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረውም። ሚስቱም የዋዛ አልነበረችም። ትንሽ ነገር ባጋጫቸው ቁጥር፣ ውኃ ሳይዘጋ ቢቀር እንኳ፣ «ሦስት ቀን ዝም ያልከኝ ሰው» ትለዋለች።

በረኛው ሁለት ክለብ ደጅ ጠንቶ ከተመለሰ በኋላ ሦስተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት፣ ሜዳው ሣር ያልበቀለበት ቡድን ተቀበለው። የቡድን መሪው ውሉን ሲያስፈርመው «አምባር ለሰው ያከራየኸው አንተ ነህ አሉ» አለውና ሌሎቹ እየሰሙ ሳቀበት። ፈረመ።

ሾፌሩ ለዴፖው የቀረበ አንድ ክፍል ቤት አግኝቶ ሊወጣ ሲል ሚስቱ ባሏን «ዕቃውን አንተ ታወርዳለህ፤ እሱ ከባድ ነገር እንዳይነካ» ብላ አዘዘችው። አልጋውና ፍራሹ በሰላም ወረዱ። ቁም ሳጥኑ ግን የደረጃው መታጠፊያ ላይ ተሰነቀረ። በረኛው ከታች ሆኖ በትከሻው ተሸክሞታል፤ ሾፌሩ አርፎ መቀመጥ አልሆንልህ ብሎት ከላይ ሆኖ ያዝዛል።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ ስበረው!»

«ግራህ ነው ግራዬ?» በረኛው ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። ከወራት በኋላ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አንተ ግራና ቀኝ ሳትለይ ነው በር ላይ የቆምከው?»

«ና ራስህ ተሸከማ!»

«አምጣ!» ሾፌሩ ወርዶ ጠርዙን ሊይዝ ሲል እህቱ ከላይ ጮኸች። የጎረቤት በር ተከፈተ፤ ቀጥሎ ሌላ በር። ሁለቱም ባንድ አፍ ሲሰዳደቡ ቁም ሳጥኑ ግድግዳውን ፍቆ ወረደ።

ሾፌሩ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ገባ። በረኛው ዕቃው እንዳይወድቅ ከኋላ ወጥቶ ቁም ሳጥኑን ደግፎ ቆመ። መኪናው ሲነሣ ሾፌሩ በተከፈተው መስኮት ባለመኪናውን «ማርሽህን ቀይር! አታይም? ፍሬን ያዝ!» እያለ ሲጮህበት ይሰማዋል። ባለመኪናው በስተመጨረሻ መንገድ ዳር አቁሞ «ወይ አንተ ንዳ፣ ወይ ዝም በል» አለው።

በረኛው ሾፌሩን በጋቢናው የኋላ መስታወት አየው፤ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ያያል። አዲሱ ቤት እስኪደርሱ ድረስ ቃል አልወጣውም። ሲደርሱ በረኛው ቁም ሳጥኑን ብቻውን አውርዶ በሩ ላይ አቆመለትና ደህና ሁን ሳይለው ወደ ፌርማታው ሄደ።